ተራራው የሚያውቀው ቦርሳ

ራይና ያረጀችው በጋብሮቮ ከተማ፣ ከላይ በኤሌክትሪክ ሽቦ በሚሄዱት አውቶቡሶች፣ በትሮሊባሶች ላይ ትኬት ስትቆጣጠር ነው። የድሮ ጓደኞቿ እንደሚሉት ስትጀምር እንዲህ ተጠራጣሪ አልነበረችም። እንደ ማንኛዋም የገጠር ልጅ የተነገራትን አምና የምትቀበል፣ ለሰላምታ የምትቸኩል ሴት ነበረች። ግን ሰው ዕድሜውን ሙሉ "ትኬቴ አሁን ከኪሴ ወደቀ"፣ "ባለቤቴ ይዞት ወረደ" ሲባል ከዋለ ጆሮው ሌላ ጆሮ ይሆናል። ኋላ ኋላማ ራይና ትኬት የሌለውን ተሳፋሪ ፊቱን እንኳ ሳታይ ከማጅራቱ ትለየው ጀመር። ትኬት የሌለው ሰው ማጅራቱ ይቀላል። መስኮትም ያለ ልክ ይወዳል።

ቤቷም የተሻለ ትምህርት አልሰጣትም። ባሏ ዴንዮ ሞቶ ገና ከሐዘን ሳትወጣ፣ ከአባቷ በወረሰችው የፕሪም ማሳ ዙሪያ አንድ የማታውቀው ሰው አጥር ሲያጥር ደረሰች። ለካ ዴንዮ ፊርማዋን አስመስሎ ፈርሞ ድሮ ሸጦት ኖሯል። ገንዘቡን የት እንዳደረሰው ሳይናገር ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለው አነጋገር ለራይና ተረት መሆኑ ቀረና የራሷ ታሪክ ሆነ።

ትሮሊባሶቹ ከከተማው ጠፍተው እሷም ጡረታ ስትወጣ፣ ቆሞ መዋል የለመደው እግሯ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልሆንለት አለ። እሑድ እሑድ ወደ ባልካን ተራራ ከሚወጡ የከተማዋ ሰዎች ጋር መሄድ ጀመረች። መሪያቸው ጋንቾ የሚባል ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር፤ ቁመተ ረጅም፣ ቃል ከአፉ በመንጠቆ የሚወጣ ዓይነት ሰው። ብቻውን እንደሚኖር ይታወቃል። ከዚህ ሌላ ስለ እሱ የሚያወራ አልነበረም፤ ይኼ ራሱ ለራይና የማይጥም ነገር ነበር። በጋብሮቮ የማይወራበት ሰው ካለ፣ ያ ሰው አንድ ነገር በደንብ ደብቋል ማለት ነው።

በዚያ በጋ ጋንቾ በተራራው ጫፍ ጫፉን እየሄዱ፣ በየደረሱበት ድንኳን እየተከሉ የሚያድሩበት ጉዞ አሰበ። ድንኳኑም፣ የመኝታ ከረጢቱም፣ ምግቡም፣ ውሃውም በየራስ ጀርባ ነው። ራይና ደግሞ እስከዚያ ድረስ የምታነግተው ልጇ ትምህርት ቤት ሲማር የተወውን ቦርሳ ነበር። ማንገቻው እንደ ገመድ ቀጥኖ ትከሻዋን ሲበላት ከርሟል።

መጀመሪያ የሄደችው መሐል ከተማ ወዳለው የስፖርት ዕቃ መደብር ነው። ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ሻጭ አንድ ሰማያዊ ቦርሳ አወረደላትና፣

"ይሄ ለጀርባዎ አየር ያስገባልዎታል" አላት።

ራይና ዋጋውን አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ደግማ አየችው።

"ጀርባዬ አየር እንዲያገኝ የወር ጡረታዬን ልስጥህ? መስኮት ብከፍት አይረክስም?"

"ጥራት ነው የሚከፍሉበት እኮ።"

"ለጥራቱ ከፍዬ ቦርሳውን ለብቻው ነው የምገዛው ወይስ አብሮ ይመጣል?" ብላው ወጣች።

ቅዳሜ ገበያ ሄደች። እዚያ ደግሞ ዋጋው ከመርከሱ የተነሣ አስደነገጣት። ታዋቂ ድርጅት የሠራው ነው የተባለው ቦርሳ ላይ ስሙ ተለጥፏል፤ ግን አንዲት ፊደል ጎድላለች።

"ፊደሏ የት ሄደች?" አለችው ነጋዴውን።

"እናቴ፣ ፊደል ተሸክመሽ ነው እንዴ ተራራ የምትወጪው?"

ዚፑን ሳብ ስታደርገው ምላሱ እጇ ላይ ቀረ።

"አንቺ ጎትተሽው ነው!" ብሎ ጮኸ ነጋዴው።

"ዚፕ ታዲያ ለመሳም ነው የተሠራው?" ብላ ምላሱን መዳፉ ላይ አስቀምጣለት ሄደች።

በሚቀጥለው እሑድ ጋንቾ ከኋላዋ ሲሄድ ቆየና፣ ማረፊያ ላይ ሲደርሱ ድንገት አፉን ከፈተ።

"ቬልኮ ጋ ሂጂ። ጫማና ቦርሳ ጠጋኙ ጋ። አንድ ጥሩ ቦርሳ አለው።"

"በምን አወቅህ?"

"ሰማሁ።"

"ከማን ሰማህ?"

ጋንቾ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ክሩ ታስሮ ነበር። ራይና ከላይ ሆና ማጅራቱን ተመለከተች፤ ልክ እንደ ቃሪያ ቀልቷል።

ኮሚሽን አለው፣ አለች በሆዷ። ከቬልኮ ጋር ይካፈላሉ።

ቢሆንም ሄደች፤ ማየት አያስከፍልም። የቬልኮ ሱቅ ከወንዙ ዳር፣ ሙጫና ቆዳ የሚሸት ጠባብ ክፍል ነው። ቬልኮ ቦርሳውን ከመጋረጃ ጀርባ አወጣው። የጠቆረ ቀይ ቀለም አለው፤ ከታች አንድ ማዕዘኑ በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል። ሲያዩት ያገለገለ ነው፤ ሲነኩት ግን ጠንካራ። ቬልኮ የጫማ መሥሪያ ብረቶቹን አንድ በአንድ ከቶ ሞላውና፣

"ያንግቱት እትዬ" አላት። "ማንገቻውን አሁን አያጥብቁ። መጀመሪያ የወገቡን ቀበቶ። ከፍ ያድርጉት፣ ዳሌዎ አጥንት ላይ። አዎ። አሁን ማንገቻውን ሳብ። ተራራ ላይ ዕቃ የሚሸከመው ዳሌ ነው፣ ትከሻ ደጋፊ ነው። የጀርባው ርዝመት ካልገጠመ ወርቅ ቢሆን አይረባም። ይሄ ለእርስዎ ልክ ነው።"

ልክ ነበር። ያን ሁሉ ብረት ተሸክማ ትከሻዋ ምንም አላላትም። ዋጋውን ስትጠይቅ ግን ከገበያው ፊደለ ጎዶሎ እንኳ ያነሰ ነገር ነገራት። ያኔ ነው ሁሉም የጥርጣሬ ደወል በአንድ ጊዜ የጮኸባት።

"የማን ነበር?"

"የአንድ ሰው።"

"ሰውዬው ስም የላቸውም?"

"አሁን ተራራ አይወጡም" አለ ቬልኮ ብረቶቹን እየለቀመ። ወንድ ይሁኑ ሴት ከአነጋገሩ አይለይም።

"ሞተው ነው?"

"ኧረ አፍዎን ቁርጥማት! በሕይወት አሉ።"

"ቤት ወስጄ ልየው" አለች ራይና፤ እንደማይፈቅድላት ገምታ።

"ይውሰዱት" አለ ወዲያው። ይህም አልጣማት። ነጋዴ በሱቁ ያለውን ዕቃ ለማያውቃት ሴት እንዲህ ቶሎ የሚለቀው ከሱቁ እንዲወጣለት የቸኮለ እንደሆነ ብቻ ነው።

ቤቷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ መረመረችው። ስፌቱን በጥፍሯ ተከታተለች። ኪሶቹን ገለበጠች። ሳሙና ይሸታል፤ የላቫንደር ሳሙና። ኪሶቹ ውስጥ ፍርፋሪ የለ፣ የሱፍ ልጣጭ የለ፣ አሸዋ የለ። በሥራ ዘመኗ ስንት ኪስ ሲገለበጥ አይታለች፤ የደህና ሰው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የማይረባ ነገር አይታጣም። ይሄ ግን እንደ ሬሳ ታጥቧል። ለሽያጭ የቀረበ አሮጌ ቦርሳ እንዲህ የሚያጥብ ሰው፣ ሊያጥበው የሚፈልገው ነገር ምን ነበር? ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር፤ እያለች ድንች ሞልታበት የሕንፃውን ደረጃ ወጥታ ወረደች። ልቧ አልተቀበለውም፤ ትከሻዋ ግን ተስማምቷል። በማግሥቱ ሄዳ ገዛችው።

ጉዞው የተጀመረው ጥርት ባለ ጠዋት ነው። ከኡዛና ሜዳ ተነሥተው ጫካውን እንደ ዘለቁ፣ ምንጭ ዳር አንድ እንጉዳይ የሚለቅሙ ሽማግሌ ከኋላዋ መጡ።

"ውይ! ተመለስሽ እንዴ የኔ ልጅ?" ብለው ቦርሳዋን መታ መታ አደረጉት።

ራይና ዞረች። ሽማግሌው ፊቷን ሲያዩ ደነገጡ።

"ይቅርታ። ሰው መስሎኝ ነው" አሉ፤ ቅርጫታቸውን አንሥተው ሄዱ።

"እኔስ ሰው አይደለሁም?" አለች ራይና። የቡድኑ ሰዎች ሳቁ። ጋንቾ አልሳቀም። እርምጃውን አፍጥኖ ከፊት ርቆ ሄደ።

ቀትር ላይ የተራራው ማረፊያ ቤት ደረሱ። የቤቱ ጠባቂ ዮርዳና የምትባል ሰፊ ሴት ናት፤ የባቄላ ሾርባ በትልቅ ድስት ይዛ ወጣች። ቦርሳዎቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ዮርዳና ቀዩን ስታይ ፊቷ በራ።

"ሴቭዳ መጣች? የት አለች?"

ማንኪያዎች ሁሉ ቆሙ። ጋንቾ ከወንበሩ ተነሣና ካልሲውን ፀሐይ ላይ ማስጣት እንዳለበት ተናግሮ ወጣ። ሾርባው ገና አልተነካም ነበር።

ራይና ሰሃን ልታጥብ ነው በሚል ሰበብ ዮርዳናን ተከትላ ወጥ ቤት ገባች።

"ሴቭዳ ማን ናት?"

"የጋንቾ ሚስት ናታ! ... ማለቴ ነበረች። ያ የአንቺ ቦርሳ የእሷ ነው። ያንን አረንጓዴ ክር እዚህ ምድጃዬ አጠገብ ቁጭ ብላ ነው የሰፋችው፤ የእረኛው ውሻ ቀዶባት።"

"አሁን የት ናት?"

ዮርዳና እጇን በሽርጧ ጠረገች። "እኔ እንጃ። ካየኋት ዓመታት አለፉ። ጋንቾ ብቻውን ሲመጣ ጠየቅሁት። 'ሄደች' አለኝ።"

"ወዴት?"

"'ሄደች' ነው ያለው። ፊቱን አይቼ መድገም ፈራሁ።"

ራይና ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ምን ያህል መንገድ እንደ ሄደች አታስታውስም። ከሁሉ ኋላ ሆና ዓይኗን ከጋንቾ ጀርባ ሳትነቅል ነው የተጓዘችው። ሄደች። ሰው እንዴት ቦርሳዋን ትታ ትሄዳለች? ለምንስ በሳሙና ታጠበ? ለምን በመጋረጃ ጀርባ ተቀመጠ? በዚህ ተራራ ላይ ሰው የማይደርስበት ገደል ስንት ነው? እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል፤ ራይና ደግሞ ከእባብ ጋር አንድ አልጋ ላይ ኖራ ሳታውቅ የቀበረች ሴት ናት።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ተለወጠ። ጉም ከደቡብ በኩል እንደ ፈላ ወተት ገንፍሎ መጣና የፊታቸውን ዋጠው። ቀጥሎ በረዶ ይወርድባቸው ጀመር። ጋንቾ ቆሞ ወደ ግራ ጠቆመ።

"በዚህ እንወርዳለን። ከታች ጫካ አለ፤ ድንኳን እዚያ እንተክላለን።"

ወደ ግራ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ነጭ ብቻ ነው። ሌሎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ራይና አልተነቃነቀችም።

"እኔ አልወርድም።"

"ራይና፣ መብረቅ ሊመጣ ይችላል። ነይ።"

"ሴቭዳ የት ናት?"

ጋንቾ ፊቱ ላይ በረዶ እየወረደበት አፉን ከፍቶ ቀረ። "አሁን? እዚህ?"

"አሁን፣ እዚህ። የት እንዳደረስካት ሳትነግረኝ አንድ እርምጃ አልወርድም። ሰው ሁሉ ይስማ!"

ሰው ሁሉ ሰማ። በረዶው ኮፍያቸው ላይ ታክ ታክ ይላል። ጋንቾ ጮክ ብሎ፣ ነፋሱን ለማሸነፍ፣ ምናልባትም አንድ ጊዜ ብሎት ለመገላገል፣

"ሴቭሊየቮ ናት!" አለ። "ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች! ከጥርስ ሐኪም ጋር ትኖራለች! ይበቃሻል?"

አንድ ሰው ሳቁን ለማፈን ሲል ሳል አስመሰለው።

"ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?"

"አልዋሸሁሽም። አልነገርኩሽም።"

"ይህንን ትኬት የሌለው ተሳፋሪ ሁሉ ብሎኛል!"

"ምን ልበልሽ ራይና? 'ይሄ ጥላኝ የሄደች ሚስቴ ቦርሳ ነው፣ ቁምሳጥን ውስጥ ባየሁት ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ውሰጂልኝ' ልበልሽ? ትከሻሽ በዚያ የልጅ ቦርሳ ሲቆስል አየሁ። ቁመታችሁ አንድ ነው። በስጦታ ብሰጥሽ 'ምን ፈልጎ ነው' ትያለሽ። አትይም?"

እውነቱን ነው፤ ትል ነበር።

"አጥቤ ለቬልኮ ሰጠሁት። በቃ። አሁን ከመብረቁ በፊት እንውረድ፤ ከፈለግሽ ከታች ትሰቅይኛለሽ።"

ወረዱ። ጫካው ልክ ጋንቾ እንዳለው እዚያው ነበረ። ከግዙፍ ዛፎች ሥር ድንኳኖቹን ተከሉ፤ ሁሉም እስከ አጥንቱ ርሷል። ራይና ቀዩን ቦርሳ ስትከፍት የመኝታ ከረጢቷ ደረቅ ነበር፤ የሱፍ ሹራቧም ደረቅ። አንዱ ጓደኛቸው በፌስታል ጠቅልያለሁ ካለው ዳቦ ውሃ ሲጨምቅ ስላየች ግማሽ ዳቦዋን ሰጠችው። ለጋንቾ ግን ያን ምሽት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አፍራ ነበር፤ ደግሞም ሙሉ በሙሉ አላመነችውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ደግ ነገር ለሠራ ሰው ማጅራቱ ለምን ይቀላል?

ከጉዞው እንደ ተመለሱ ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን ይተወው ነበር። ራይና ግን ቀዩን ቦርሳ አንግታ ወደ ሴቭሊየቮ የሚሄደውን አውቶቡስ ተሳፈረች። የሰው ቃል በዓይን ካልታየ ቃል አይባልም።

ፋርማሲው ከአደባባዩ ጥግ ነበር። ከባንኮኒው ኋላ በራይና ቁመት ልክ የሆነች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ቆማለች። በሕይወት አለች፤ እንዲያውም ጉንጯ ቀይ ነው።

"የእግር ቁስል ፕላስተር ፈልጌ ነበር" አለች ራይና። አጉል ሰላይ ሆና ዓይኗን ከሴትየዋ ላይ መንቀል አልቻለችም።

ሴቭዳ ዕቃውን አውርዳ ዞር ስትል ከራይና ትከሻ በላይ ቦርሳውን አየች።

"ይሄንን ከየት አመጣሽው?"

"ገዛሁት። ጋብሮቮ፤ ቬልኮ ጋ።"

"ሸጠው?" የሴቭዳ ድምፅ ቀዘቀዘ። "የእኔ ነው እኮ። በራሴ ደመወዝ የገዛሁት። አንድ ቀን ሄጄ አመጣዋለሁ እያልኩ ነው የተውኩት።"

ራይና ጠርጥራ የፈራችው ግድያን ነበር፤ ያገኘችው ሳይጠየቁ የተሸጠ ዕቃ ነው። ያን ጊዜ የፕሪሙ ማሳ ትዝ አላት፤ አጥሩም፣ ዴንዮ ያስመሰለው ፊርማም። ወዲያው ቦርሳውን አውልቃ ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

"ውሰጂው። እኔም ይሄ ደርሶብኛል። የሰው ዕቃ ጀርባዬ ላይ አልፈልግም።"

ሴቭዳ ቦርሳውን ወደ ራሷ ሳበችው። አረንጓዴውን ስፌት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ደንበኛ ገብቶ የሳል መድኃኒት ጠየቀ፤ ሰጥታው ተመለሰች። እስኪወጣ ጠብቃ ቦርሳውን መልሳ ገፋችው።

"ጉልበቴ ተበላሽቷል። ከአሁን በኋላ ተራራ የምወጣው በመኪና ነው። ምን አደርግበታለሁ? አንቺ ውሰጂው፤ ቁምሳጥን ውስጥ ከሚበሰብስ ይሻላል። ግን ንገሪው፤ መጠየቅ ነበረበት። ስልክ አለው። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።"

"እሱ..." አለች ራይና፤ የመጣችበትን ጉዳይ ለመጨረስ፣ "ክፉ ሰው ነው?"

ሴቭዳ በረጅሙ ተነፈሰች። "ክፉማ ቢሆን በቀለለኝ። ሰው ከሚነድ ቤት ያወጣል፤ ከአፉ ግን ቃል አያወጣም። ምን አስቦ ይሆን፣ ተቆጥቶ ይሆን፣ ደስ ብሎት ይሆን እያልኩ ስገምት ኖርኩ። መገመት ደከመኝ። አሁን ያለሁት ሰውዬ ሲበዛ ለፍላፊ ነው፤ እንቅልፍ ይነሣኛል። ግን የሚያስበውን አውቃለሁ።"

ሁለቱም ሳቁ። ራይና ፕላስተሩን ገዛች፤ ሳትፈልገው።

እሑድ ጠዋት ጋንቾን ከሰው ለይታ አቆመችው።

"ሴቭሊየቮ ሄጄ ነበር።"

"አውቄያለሁ" አለ ጋንቾ። "እንደምትሄጂ አውቄ ነበር።"

"መጠየቅ ነበረበት ብላሃለች። እውነቷን ነው። ባሌ ማሳዬን ሳይጠይቀኝ ሸጧል፤ አንተ ደግሞ ቦርሳዋን። እሱ ሌባ ነበር፤ አንተ ግን ለምን እንደ ሌባ ታደርጋለህ? ሰው በአንተ ላይ ግድያ እስኪጠረጥር ድረስ ዝም የምትለው ምን ሆነህ ነው?"

ጋንቾ እንደ ልማዱ ወደ ጫማው ክር ጎንበስ ሊል ነበር። ራይና ክንዱን ያዘችው።

"ክሩን ተወው። ተናገር።"

"አፍሬ ነው" አለ። ቀጥሎ ሌላ ነገር ለማለት ብዙ ሞከረ፤ የመጣለት ግን ይኼው ነበር። "አፍሬ ነው ራይና።"

በዚያው ሳምንት ጋንቾ ሴቭሊየቮ ሄዶ ሴቭዳን ይቅርታ ጠየቃት። ይህን ለራይና የነገረቻት በስልክ ሴቭዳ ናት እንጂ እሱ አይደለም፤ ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲህ መደዋወል ጀምረዋልና። የጥርስ ሐኪሙ ጋንቾን አስቀምጦ ያለ ማቋረጥ ሲያወራለት፣ ጋንቾ በሩን በሩን ሲያይ፣ ሴቭዳ ሳቋን መያዝ እንዳቃታት ነገረቻት።

ራይና ዛሬም ቀዩን ቦርሳ አንግታ ባልካንን ትወጣለች። ዮርዳና ሾርባ ስታቀርብ ሴቭዳ ሰላም እንዳለቻት ትነግራታለች። ጋንቾም ትንሽ ተሻሽሏል፤ ራይና አጠገቡ ስትሄድ ስለ እሳት አደጋ ዘመኑ አንዳንድ ነገር ያጫውታታል፤ ታሪኩ መሐል ላይ ሲቆም "ከዚያስ?" እያለች እስከ መጨረሻው ታስጨርሰዋለች። ባለፈው ክረምት የቤቷን ምድጃ ጢስ ማውጫ ጠርጎላታል፤ እሷም በስስ ሊጥ የተነባበረ የስፒናች ባኒጻ ጋግራ አብልታዋለች።

የከተማው ሰው በበኩሉ ሥራውን ጀምሯል። ጎረቤቷ ደረጃ ላይ ይዛት፣

"እና፣ ሠርጉ መቼ ነው?" ብትላት፣

"ሰውዬው ገና ምርመራ ላይ ነው" ብላ የገበያ ዘንቢሏን ይዛ ሽቅብ ወጣች።